የዲቪዲ ኮሜንታሪ፦ አንዱ ትምህርት፣ ሌላው ባዶ ወሬ

ዲቪዲ ሳነሳ መጀመሪያ የማነበው የሽፋኑን ጀርባ ነው። «የዳይሬክተሩ ኮሜንታሪ» የሚል ካለበት ያንን ፊልም ሁለቴ ነው የማየው። አንዴ ለታሪኩ፣ ሁለተኛ ደግሞ ሪሞቱ ላይ «ኦዲዮ» የሚለውን ተጭኜ፣ የሠሩት ሰዎች በላዩ ላይ እያወሩ። በጣም ነው የምወደው። ግን ሽፋኑ ላይ ያለችው ቃል ሁሌም ያችው ሆና ውስጡ ያለው ነገር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ከመጥፎው ልጀምር። በቅርቡ የሰማሁት አንድ ኮሜንታሪ ላይ ዋናው ተዋናይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነግረኝ እኔው የማየውን ነው። «አሁን በሩን ከፍቼ እገባለሁ።» እያየሁት እኮ ነው! ከመግባትህ በፊት ዳይሬክተሩ ምን አለህ፣ ስንት ጊዜ ተቀረጸ፣ ካሜራው ለምን ከጀርባህ ሆነ፣ እሱን ንገረኝ። አጠገቡ የተቀመጠው ዳይሬክተር ደግሞ ስለ ተዋናይቷ «እሷ ግሩም ናት፣ ከእሷ ጋር መሥራት ደስ ይላል» ይልና ዝም። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ እንደገና ሌላ ምስጋና።

እኔ ኮሜንታሪን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ምስሉ የማያሳየኝን ይነግረኛል ወይ? ዝና ይሄን አያመጣም። እንዲያውም የመጀመሪያው ኮሜንታሪ የኮከብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 ክራይቴርዮን የሚባለው ፊልም አሳታሚ የ1933ቱን «ኪንግ ኮንግ» በሌዘር ዲስክ (ከዲቪዲ በፊት በነበረው ትልቁ ዲስክ) ሲያወጣ ማይክ ፊት የተቀመጠው ሮናልድ ሄቨር የሚባል የፊልም ታሪክ ባለሙያ ነው። ፊልሙ ላይ ምንም አልሠራም፣ ግን ያውቀዋል። ሮጀር ኤበርት በ«ሲቲዝን ኬን» ዲቪዲ ላይ የሠራውም እንደዚያው ነው። ኤበርት የፊልም ሃያሲ ነበር። በዚያ ፊልም ክፍሎቹ ጣሪያ አላቸው፣ ጣሪያው ግን ጨርቅ ነው፣ ማይክሮፎኖቹ ከላዩ ተደብቀዋል። ፊልሙን አሥር ጊዜ ያየ ሰው እንኳ ካልነገሩት እንዲህ ያለውን ከየት ያውቃል?

ሌላው የምወደው ዓይነት ሰውየው እውነቱን ሳይሸፋፍን ሲያወራ ነው። ዳይሬክተሩ ኮፖላ በ«ጎድፋዘር» ኮሜንታሪ ላይ ስቱዲዮው ተዋናዩን አል ፓቺኖን እንዳልፈለገ፣ እሱ ራሱም በቀረጻው መሃል ሊባረር ጫፍ ደርሶ እንደነበር ይተርካል፤ ያን ሁሉ ከሰማችሁ በኋላ እነዚያን ትዕይንቶች እንደ ድሮው ማየት አትችሉም፣ እያንዳንዱ በስንት ጭንቀት እንደተሠራ ይሰማችኋል። «ዘ ላይሚ» ላይ ደግሞ ዳይሬክተሩ ሶደርበርግና ስክሪፕት ጸሐፊው ሌም ዶብስ ፊት ለፊት ይከራከራሉ። ጸሐፊው የጻፍኩት ተቆርጦብኛል ብሎ ቅር ብሎታል፣ ዳይሬክተሩም ለምን እንደቆረጠ ይመልሳል። አንድ ስክሪፕት እንዴት ፊልም እንደሚሆን ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ የለም።

ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያወራስ? አብዛኛውን ጊዜ ጫጫታ ነው። ማን እንደሚያወራ እንኳ አይለይም። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ረጅሙ እትም ግን መላ አግኝቶለታል፦ የሚናገረው ሰው ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ቀላል ነገር ነው፣ ሌሎቹ ለምን እንዳላደረጉት አይገባኝም። ለእያንዳንዱ ፊልም አራት አራት ኮሜንታሪ አለው። ጊዜ ካጠራችሁ የተዋናዮቹን ዝለሉትና የዲዛይን ቡድኑን ስሙ።

ድምፁም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንዳንዱ ላይ የፊልሙ ሙዚቃ የሰውየውን ድምፅ ይውጠዋል፣ በተለይ ተኩስና ፍንዳታ ሲበዛ። ከዚህ የባሰው ግን ኮሜንታሪው ሰብታይትል የሌለው ሲሆን ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻችን ላልሆነ፣ መስማት ለሚቸግረውም ሰው፣ በፍጥነት የሚያወራ ዳይሬክተር ያለ ጽሑፍ ግማሹ ያመልጣል። ቦታ የለም እንዳይባል፣ የዲቪዲ ደረጃ እስከ 8 የድምፅ ትራክና እስከ 32 ሰብታይትል ይፈቅዳል። እንግዲህ ሰበብ የለም፣ አልተጨነቁበትም ማለት ነው።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ኮሜንታሪውን ስትሞክሩ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አትመኑ፣ እዚያ ላይ ሁሉም ሰው የሚያወራው አለው። ቀጥታ ወደ ፊልሙ መሃል ዝለሉ፣ ምንም የማይፈነዳበት፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ትዕይንት ፈልጉ። እዚያም የሚናገረው ካላጣ ወደ መጀመሪያው ተመልሳችሁ ሙሉውን ስሙት።