መኪናዬን ሌሊቱን አሳድረው ለፈወሱልኝ መካኒክ

ሳሪስ አካባቢ ጋራዥ ላላቸው አንድ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ ለማለት ነው የምጽፈው። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለነገሩኝ ቃላቸውን አከብራለሁ። ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

መኪናዬ ከዱባይ የገባች የ2005 ኮሮላ ናት፤ 1.8 ሞተር። ራይድ እሠራባታለሁ። ኤርፖርት የሚሄድ ሰው ስለሚበዛ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የምወጣው። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ስትሠራ፣ ሚስ ታደርጋለች፤ አንዳንዱ ሲሊንደር ሳይነድ ይዘላል። ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ትጠፋለች። አንድ ቀን ሻንጣቸውን የጫንኩላቸው እናት ከኋላ ተቀምጠው እስጢፋኖስ ጋ ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። እናትየው ሰዓታቸውን እያዩ ዝም አሉ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስትሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ትሆናለች።

ቼክ ኢንጂን በርቶ ሲታይ ኮዱ ፒ 0171 ነው። ይህ ኮድ ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚያ ሲበዛ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል፤ ሚስ እያደረገ ከቆየም የጭሱን ማጣሪያ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ይጎዳል።

አንዱ ጋራዥ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክስጅን ሰንሰር ቀየረልኝ። ሌላው ካንዴላና የነዳጅ ፓምፕ። መብራቱ ሦስት አራት ቀን ጠፍቶ ተመልሶ ይበራል። አንዱማ «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ልመደው» ብሎ ሸኘኝ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አዘኑ። በካርቡራተር ዘመን እንኳን ከፍታ ቦታ ላይ የሚበዛው ነዳጁ ነበር አሉኝ፤ አየሩ ስለሚሳሳ። አሁን ደግሞ የሚገባውን አየር ሰንሰር ይለካዋል፣ ኮምፒውተሩ በዚያው ልክ ነዳጁን ይቀንሳል።

ከዚያ የጠየቁኝን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት ማንም አልጠየቀኝም። «ልጄ፣ የሚብሰው በስንት ሰዓት ነው?» ጠዋት፣ ሳትሞቅ አልኳቸው። «እንግዲያው አሁን ባየው ምንም አይታየኝም። ቁልፉን ስጠኝና ሂድ። ትደር።» ለልጆቹም ማንም እንዳያስነሳት አዘዙ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ጋቢያቸውን ደርበው እየጠበቁኝ ነበር። ኮምፒውተሩን የሚያነበውን ማሽን ሰኩ። የሞተሩ ሙቀት 11 ዲግሪ ይላል። አስነሷት፣ ተንቀጠቀጠች። ኦክስጅን ሰንሰሩ እስኪሞቅ ትንሽ ጠበቁና አንድ ቁጥር አሳዩኝ፤ ፊውል ትሪም ይሉታል። ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለመሙላት ነዳጁን ስንት በመቶ እንደጨመረ የሚያሳይ ነው። የወቅቱና ሲጠራቀም የቆየው፣ ሁለቱ ሲደመሩ 28 በመቶ። ነዳጅ ረግጠው ወደ 2,500 ዙር ሲያደርሷት ወደ 6 ወረደ።

«አየህ» አሉኝ፣ «ቀዳዳ አለ። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በቀዳዳው የሚገባው ይጎላል። ዙር ሲጨምር የሚስበው ይበዛና የቀዳዳው ኢምንት ይሆናል። ፓምፑ ቢደክም ኖሮ ግን ስትረግጠው ነበር የሚብሰው።» የነዳጅ ፓምፕ የገዛሁበት ቀን ትዝ አለኝና አንጀቴ ቆሰለ።

ወዲያው መፍታት አልጀመሩም። መጀመሪያ የአየር መለኪያውን ሰንሰር አውጥተው አዩት፤ ንጹህ ነው፣ መለሱት። ቱቦዎቹንና ፋሸታዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። በመጨረሻ እሳት ማጥፊያውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ ጥቂት ጥቂት ረጩ። አንደኛው ጫፍ ጋ ሲደርሱ ስፕሬዩ በቀዳዳው ገብቶ እንደ ነዳጅ ስለነደደ የሞተሩ ድምፅ በአንዴ ተስተካከለ። ደግመው ረጩ፣ ደግሞ ተስተካከለ። ሦስተኛውን እኔ እንድረጭ ሰጡኝ።

ጥፋቱ የማኒፎልዱ ጋስኬት፣ መጋጠሚያውን አየር እንዳያስገባ የሚደፍነው ላስቲክ ነበር። ተፈትቶ ሲወጣ አሮጌውንና አዲሱን እጄ ላይ አኖሩልኝ። አዲሱን ላስቲክ በጥፍሬ ስጫነው ገብቶ ይመለሳል። አሮጌው ደርቆ፣ ተጨፍልቆ ከቦዩ ጋር እኩል ሆኗል። ሲበርደው ይሰበሰብና አየር ያስገባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ተለጥጦ ይዘጋዋል። ለካ ከሰዓት በኋላ ያዩዋት ሁሉ ምንም ያላገኙት ለዚህ ነው። ከመግጠማቸው በፊት የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ጠረጉት። ቡሎኖቹንም ከመሀል ጀምረው ወደ ዳር፣ በየተራ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቁ።

ለእጃቸው የጠየቁኝ ለኦክስጅን ሰንሰር ብቻ ከከፈልኩት ሩቡን አይሞላም። ጨምሬ ልስጥ ስል ተቆጡ። «ነገ ጠዋት አስነስተህ ደውልልኝ፣ እሱ ይበቃኛል» አሉ። ደወልኩ። በሳምንቱ ደግሞ ራሳቸው ደውለው መኪናዋን አስመጡኝና ቁጥሩን እንደገና አዩት፤ 3 ነበር። ብርዱ ሳይወጣ ሁለት ወር አለፈ፣ መብራቱ አልተመለሰም።

ሰው ስለሚበዛባቸው ወረፋ አለ፣ ታገሱ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሥራ አይቀበሉም፤ «እሱን የሚያውቅ ጋ ሂድ» ብለው በግልጽ ይነግሯችኋል። ይህንንም ወደድኩላቸው። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አውሩኝ፣ አሳያችኋለሁ። ችግራችሁ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ከሆነ ግን በዋዜማው አመሻሽ ላይ አድርሷትና እዚያው ትደር።