ኮዬ ፈጬ ያለው የቅዳሜ የባዮሎጂ ማጠናከሪያ፦ ሦስት ቅዳሜ ተምሬ የታዘብኩት

ቦታው ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ሱቅ ነች። ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል፣ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆያል። በቀን 200 ብር ነው። እኔ ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ነው የምመላለሰው።

ያለፈው ቅዳሜ ርዕስ ጂኖሚክ ኢምፕሪንቲንግ ነበር፤ አንድ ጂን ከእናት ወይም ከአባት እንደመምጣቱ የሚሠራበት ወይም ዝም የሚልበት ነገር ማለት ነው። ኮሌጅ ሁለቴ ተምሬው አልገባኝም። መምህራችን ሁለት ነጭ ወረቀት አወጡና አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የመጣ ያው አንድ ጂን ነው አሉን። ከዚያ ከኪሳቸው ክብ ማኅተም አውጥተው የእናትየው ላይ መቱበት። "ቢሮ ስትሄዱ ማኅተም የሌለው ወረቀት አይሠራም። እዚህ ግን ዝም የሚለው ማኅተም ያረፈበት ነው።" ማኅተሙ ሜታይል የሚባል ኬሚካል ነው፤ ጽሑፉ እንዳለ ነው፣ የሚያነበው ግን የለም። በቃ፣ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወደ አይጦቹ ገባን። ፔግ3 የሚባለው ጂን የሚሠራው ከአባት የመጣው ቅጂ ብቻ ነው። በ1999 በወጣ ጥናት ይሄ ቅጂ የተበላሸባቸው ሴት አይጦች ሲወልዱ ጎጆ በቅጡ አልሠሩም፣ የተበተኑ ልጆቻቸውንም ቶሎ አልሰበሰቡም፣ ኦክሲቶሲን የሚባለውን ሆርሞን የሚያመርቱት የአንጎል ህዋሶቻቸውም በቁጥር አነስ ብለው ተገኙ። እንግዲህ አስቡት፣ ሴቷ ለእናትነቷ የምትጠቀምበት ጂን ከአባቷ ያገኘችው ነው! ይሄን ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ።

ሜስት የሚባለውም እንደዚሁ ከአባት ነው። 1998 ላይ እንደታየው፣ እሱ የጎደላቸው እናት አይጦች እንግዴ ልጁን ሳይበሉ ይተዉታል። አጠገቤ የተቀመጠችው ገጠር ያደገች ልጅ ወዲያው "የኛ ውሻ ስትወልድ እኮ ትበላው ነበር" አለች። ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ፣ መምህራችንም ቁጭ ብለው እስክትጨርስ አዳመጧት።

ጂአርቢ10 የሚባለውን ግን በሩጫ ነው ያለፍነው። አንጎል ውስጥ ከአባት የመጣው ቅጂ ሲጠፋ አይጦቹ በሌሎች ላይ የበላይ መሆን ይወዳሉ፣ የጓደኞቻቸውን ጢም ሳይቀር ይቆርጣሉ። የማኅበራዊ ጠባዩ ክፍል ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባው ነበር።

ከሁሉ የወደድኩላቸው ሐቀኝነታቸውን ነው። በ2016 ሌላ ቡድን ፔግ3ን በሌላ መንገድ አበላሽቶ ሲሞክር በእናትነት ላይ ለውጥ እንዳላገኘ ሳይደብቁ ነገሩን። "ለፈተናም ቢሆን ሁለቱንም ጻፉ፣ ደግሞ ወጥታችሁ ሰውም እንዲህ ነው እንዳትሉ" አሉ። እንዲህ የሚያስተምር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ቅሬታም አለኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጥቁር ሰሌዳው አይታይም። የሚታደለው ኮፒ ደብዝዞ ሥዕሎቹ አይለዩም፤ ለ200 ብር ይሄ መስተካከል አለበት። እኔ ግን የፊታችን ቅዳሜም እሄዳለሁ። የምትመጡ ካላችሁ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ብርሃን አለው።