የቮልሴ ጎማ ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ ቆርቆሮ) እንዳይነካ ከቀየርኩት 10 ወር ሆነው፦ የ165/80 ጎማ ልምዴ

ቮልሴ የ1972 ሞዴል 1300 ናት። ስገዛት ጎማዋ ሰፋፊ ነበር። የቀድሞ ባለቤቷ 6 ኢንች ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ቸርኬ አስሮ፣ 195/65 አር 15 ጎማ አልብሷት ነበር (ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 ከመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች ማለት ነው)። ኮሮላ ላይ የሚታሰረው ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የትም ይገኛል። መልኳን ወድጄው ነው የገዛኋት።

ችግሩ በመጀመሪያው ሳምንት ታየ። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሬ ከግቢ ስወጣ ከፊት በኩል «ክርርር» ይላል። ብቻዬን ስነዳ አልፎ አልፎ ነው። አጠገቤ ሰው ሲቀመጥና ኮፈኑ ስር ዕቃ ስጭን ግን በየጉድጓዱ ሆነ። የቮልስ ዕቃ መጫኛ ከፊት ስለሆነ ሸክሙ በቀጥታ የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ የጎማው ትከሻ ዙሪያውን ተፍቆ ጥፍር የሚያስገባ መስመር ሠርቷል። ያን ቀን ደነገጥኩ። እዚያ ቦታ ላይ የተበላ ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ ቢፈነዳ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር። አንድ ጋራዥ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ በመዶሻ አጥፎ ወደ ላይ አስተኛው። ድምፁ ለሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። በዚያ ላይ ጠርዙ ሲታጠፍ ቀለሙ ስለተሰነጠቀ ክረምቱ ሳያልቅ ዝገት ጀመረ። ሁለተኛው ምክር «ቆርጠን እንጣለው» የሚል ነበር። እሱን እምቢ አልኩ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ዕድሜ ልካቸውን ቮልስ ሲሠሩ ከኖሩ አንድ መካኒክ ነው።

«ጋሼ፣ ጠርዙን ትንሽ ብንቆርጠውስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ፓራፋንጎ ሃምሳ ዓመት እዚሁ ነው የኖረው። በኋላ የመጣው ጎማው ነው። ምን አድርጎህ ትቆርጠዋለህ?»

የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ቀቡት። መሪውን ሙሉ አዞርኩ፤ ሁለት ልጆች የፊት መከላከያው ላይ ተቀምጠው ወዘወዙት። ከዚያ ጎማውን አየን። ጠመኔው የታተመው የጎማው የውጭ ትከሻ ላይ ብቻ ነው። አናቱ ንጹሕ ነበር። ማለት ጎማው ከፍ ስላለ ሳይሆን ወደ ውጭ ስለወጣ ነው የሚነካው።

ጎማውን ስናወርድ ምክንያቱ ታየ። የአሉሚኒየሙ ቸርኬ ቀዳዳ ከቮልስ ጋር ስለማይገጥም መሃል ላይ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር (ማራራቂያ ብረት) ገብቷል። ቸርኬው ራሱ ሰፊ፣ ጎማው ሰፊ፣ ስፔሰሩ ደግሞ ሁሉንም ወደ ውጭ ገፍቷል። ጎማ ከሚዞርበት መሃል በራቀ ቁጥር መሪ ሲዞር የሚጠርገው ቦታም ይሰፋል። ቀጥ ብላ ስትሄድ ሰላም የሆነችው ስትታጠፍ የምትጮኸው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ነበረብኝ። 195/65 ጎማ ቢያንስ 5.5 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል። የቮልሴ የራሷ ቸርኬ 4.5 ኢንች ነው። ጎማና ቸርኬ አብረው መቀየር አለባቸው ማለት ነው። የብረት ቸርኬውን የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሁለት ቅዳሜ ተመላልሼ አገኘሁ። አምስት ገዛሁ። ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን አስገጥማችሁ አዙሩት፤ እኔ ሁለት የተጣመሙ መልሻለሁ። 165/80 አር 15 ጎማ ግን እዚህ ፈልጌ አጣሁ። ጀርመን ያለው ወንድሜ አምስቱንም በካርጎ ላከልኝ። እንደደረሱ የተሠሩበትን ቀን አየሁ። ጎማው ጎን ላይ ካለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ለአሮጌ መኪና የሚሆን ጎማ መጋዘን ውስጥ ብዙ ሊቆይ ስለሚችል ይህን ሳታዩ አትግዙ።

ብዙ ሰው የሚገርመው አዲሱ ጎማ ከአሮጌው ከፍ ማለቱ ነው። 195/65 ከዳር እስከ ዳር 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 165/80 ደግሞ 645። በአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ግን አይነካም። በቮልስ የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ የሚዞረው ከግራው የፊት ጎማ ስለሆነ ንባቡ ይዛባል ብዬ ሰግቼ ነበር። ልዩነቱ ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም።

አሁን 10 ወርና 8,400 ኪሎ ሜትር ሆኖኛል።

ትልቁ ለውጥ መሪው ላይ ነው። ቮልስ የመሪ ማገዣ የላትም። በሰፊው ጎማ መኪና ለማቆም ስታገል ትከሻዬን ያመኝ ነበር። አሁን እናቴም በአንድ እጅ ታዞራታለች። ኮብልስቶን ላይ ንዝረቱ ቀንሷል፤ የጎማው ጎን ረዘም ያለ ስለሆነ ጉድጓዱን ራሱ ይውጠዋል።

እዚህ ላይ ስለ አየር ልናገር፤ ብዙ ቮልስ የሚበላሸው በዚህ ነው። ጎሚስታ ሁሉ መኪና ሲያይ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይሞላል። ለቮልስ ይህ አይሆንም። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው። ፋብሪካው ለራዲያል ጎማ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ ነው የሚለው። እኔ ከፊት 20፣ ከኋላ 28 አደርጋለሁ። ፊቱ 32 ሲሆን መኪናዋ ትዘላለች፣ እርጥብ መንገድ ላይም ፊቷ ይንሸራተታል። ጎሚስታው «ይሄማ ጎድሏል» ቢላችሁ አትስሙት። ትርፍ ጎማውን ግን ከፍ አድርጋችሁ ሙሉ። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ የሚረጨው በትርፍ ጎማው አየር ግፊት ነውና።

በአምስተኛው ወር ሐዋሳ ስንሄድ ያ ድምፅ ተመለሰ። ኮፈኑ ስር ሻንጣ ሞልቷል፤ በቀኝ በኩል ብቻ «ክርር» አለ። ልቤ ተሰበረ። ስመለስ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ ከቀኙ ሾክ አብዞርበር ጋር ያለው የግጭት ማብረጃ ላስቲክ ተፈርፍሮ አልቋል። እሱ ከሌለ ጎማው ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የቀኙ ፓራፋንጎ ድሮ ተቀይሯል፤ የገጠመው ሰው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገብቶታል። የቮልስ ፓራፋንጎ በብየዳ ሳይሆን በቡሎን ነው የሚታሰረው። ቡሎኖቹን ከማታ ጀምሮ ዘይት አጠጣናቸው። ጠዋት በ13 ቁልፍ አላላን፣ ባቲላሜራው ወደ ውጭ ስቦ አስተካከለው፣ መልሰን አሰርን። የሁለቱንም ጎን ላስቲክ ቀየርን። የዛገውንም ጠርዝ አስፍቄ ቀለም አስቀባሁ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ሁለቴ፣ ቢሾፍቱ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ምንም ድምፅ የለም።

የማልወደውም አለ። ዝናብ ላይ ጠንከር አድርጌ ፍሬን ስይዝ ጠባቡ ጎማ ቶሎ ይቆልፋል፤ ርቀት ጠብቄ መንዳት ለምጃለሁ። ከ80 በላይ ዝቅ ያለ እምምታ አለው። አንዱ ቸርኬ ጎማው የሚያርፍበት ከንፈሩ ዝጎ ስለነበር በየሳምንቱ አየር ያጎድል ነበር፤ በብረት ብሩሽ አጽድተን ስንመልሰው ቆመ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጎማው እዚህ አለመገኘቱ ነው። አንዱ ቢቀደድ ትርፉን አስሬ ሌላ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ባለፈው እሑድ ጥርሱን ለካሁ። አዲስ ሳሉ 8 ሚሊ ሜትር ነበሩ። የፊቶቹ 7፣ የኋላዎቹ 6 ተኩል ላይ ናቸው። የፊቶቹ አበላል ዳር እስከ ዳር እኩል ነው። በሚቀጥለው ወር የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አቀያይራለሁ።