እንግዳውን ማቆየት ወይስ በሁለት በር መልቀቅ?

የደሴና የኮምቦልቻ እግር ኳስ ቡድኖች ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ሲገናኙ፣ ከፊሽካው በኋላ ደጋፊው የሚወጣበት ሰዓት ከጨዋታው በላይ ያሳስባል።

አንዱ መንገድ እንግዳውን ደጋፊ ማቆየት ነው። ባለሜዳው ይበተናል፣ ከዚያ እንግዳው ይወጣል። ለፖሊስ ይቀላል፤ ኃይሉን አይበትንም። ግን የተሸነፈን ወጣት፣ ያውም በደሴ ብርድ፣ በር ዘግቶ ማስቀመጥ ራሱ ጠብ ይጭራል። አስለቃሽ ጭስ ከተጨመረበትማ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 አክራ ውስጥ 126፣ በ2022 ኢንዶኔዢያ ካንጁሩሃን ስታዲየም 135 ሰው ያለቀው ከጭሱ ሲሸሽ መውጫው ላይ ተረጋግጦና ታፍኖ ነው። ፊፋም በደንቡ ጭሱን ከልክሏል። እኛ ጋ ግን ገና ድንጋይ ሲወረወር እጅ ወደ ጭሱ ይሄዳል።

ሌላው ሁለቱንም ደጋፊዎች በአንድ ጊዜ፣ በተለያየ በር መልቀቅ ነው። ማንም አይታገትም። ጣጣው ከበሩ ውጭ ነው፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ መናኸሪያ ይገናኛል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ የኮምቦልቻ ሚኒባሶች በሩ ሥር ተደርድረው ከጠበቁ። ጭነው በቀጥታ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ይውረዱ። መኪና ከሌለ ማቆየቱ ይሻላል። ያኔም ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ በድምፅ ማጉያ ይነገራቸው፤ በሩም ይጠበቅ እንጂ አይቆለፍ።