የገመድ መወልወያዋ ጅማ ላይ፦ ከክረምት እስከ ክረምት

ይቺን የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡን የምታጸዳ የገመድ መወልወያ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እየተጠቀምኩባት ነው። ወድጃታለሁ። ግን ሻጮቹ ብቻዋን ሁሉን ትጨርሳለች ቢሉም፣ አትጨርስም።

ጠመንጃዬ ከአባቴ የወረስኩት፣ ፈቃድ ያለው 7.92 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው። ሰቃ ጨቆርሳ በኩል ቡናና በቆሎ አለን፤ በቆሎው እሸት ሲይዝ ከርከሮና ዝንጀሮ እንቅልፍ ስለማይሰጡ ጠመንጃው ማሳ ጥበቃ ላይ ያድራል። የጅማን እርጥበት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ አልጋ ስር ያለ የቆዳ ጫማ እንኳ ይሻግታል። ብረትማ እንዴት ይሁን!

ዕቃዋ ቀላል ናት። ፊቷ ላይ ትንሽ የናስ ክብደት ያለባት ቀጭን ገመድ፣ ቀጥሎ የናስ ብሩሽ፣ ከኋላ ወፈር ያለ የተሸመነ ጅራት። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አያለሁ። አፈሙዙን ከኋላ የሚዘጋውን መቀርቀሪያ አወጣና ክብደቷን ከኋላ እጥላታለሁ፣ በአፈሙዙ ጫፍ ብቅ ስትል ሳላቋርጥ እስባታለሁ። አለቀ።

እኔን የማረከኝ ከኋላ ወደ ፊት መሄዷ ነው። እኛ ጋ ብዙው ሰው የብረት ዘንግ በአፈሙዙ ጫፍ ከቶ ወዲያ ወዲህ ይፈትጋል። ያ ጫፍ እኮ ጥይቱ ከጠመንጃው የሚለይበት ቦታ ነው! ዘንጉ አንዱን ጎን ከበላው፣ ከጥይቱ ኋላ የሚወጣው ጋዝ በአንድ በኩል ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ይገፋዋል፤ ዒላማ ላይ ይበተናል። ጥላሸት ይጸዳል፣ የተበላ ጫፍ ግን በውልወላ አይመለስም።

የሚሊሻ ተኩስ ልምምድ ላይ በ100 ሜትር ደጋግሜ ያየሁት ደግሞ የዘይትን ነገር ነው። ዘይት ተቀብቶ ከተቀመጠ አፈሙዝ የምትወጣው የመጀመሪያ ጥይት ከሌሎቹ ተለይታ ታርፋለች። ከተኩስ በፊት በደረቅ ጨርቅ ካወጣሁት ልዩነቱ ይጠባል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሲተኮስና ውስጡ ስስ ጥላሸት ሲይዝ ጥይቶቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ በየተኩሱ እስኪያብረቀርቅ መፈተግ ለዒላማ ምንም አይጨምርም።

መዳብ ላይ ግን ገመዷ ትሸነፋለች። መዳብ የለበሰ ጥይት አፈሙዙ ውስጥ በተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ሲያልፍ ቀስ በቀስ መዳብ ይለጥፋል፤ ሲበዛ ጥይቶቹ መበታተን ይጀምራሉ። አሞኒያ ያለበት ማሟሚያ ፈሳሽ ስጠቀም ነጩ ጨርቅ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ መዳቡ እሱ ነው። በናስ ብሩሽ ካደረጋችሁት ግን ብሩሹ ራሱ ሰማያዊ ስለሚሰጥ ያሳስታችኋል፣ በጨርቅ ብቻ እዩት። ይሄን ሥራ ዒላማ ሲበላሽ ብቻ ነው የምሠራው።

ጨው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። የብዙ የድሮ ወታደራዊ ጥይት መለኮሻ፣ ማለትም ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይተዋል። ይሄ ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝጋል። ዘይት አያሟሟውም፣ ውሃ ነው የሚያሟሟው። እዚያው ቀን የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ከኋላ አፈስሳለሁ፤ ብረቱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ጨርቅ፣ ገመዷ፣ በመጨረሻ ስስ ዘይት። ጅማ ውስጥ ለነገ ብላችሁ ካደራችሁ ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

የማልወድላት ነገር አለ። ቆሻሻውን ራሷ ትይዛለች፣ ካልታጠበች የቀደመውን ጥላሸት መልሳ ትቀባለች። በሳሙና ውሃ አጥባታለሁ፣ ክረምት ላይ ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈጅባታል። ከብሩሹ አጠገብ ያለው ክርም መላላት ጀምሯል። አፈሙዝ ውስጥ ብትበጠስ ማውጣቱ መከራ ስለሆነ ሳልስባት በፊት ያቺን ቦታ በጣቴ እዳስሳለሁ።

ስትገዙ ልኳን እዩ። ለ5.56 ሚሊ ሜትር የተሠራችው በማውዘር ውስጥ ግድግዳውን በደንብ ሳትነካ ነው የምታልፈው። የእኔ ክሯ ከዚህ በላይ ከላላ ያንኑ ዓይነት ደግሜ እገዛለሁ፤ ዘንጉ መዳብ ለማጽዳት ብቻ ይቀመጣል፣ እሱም ከኋላ በኩል።