ዞርኪ 4 ከላይካ ኤም 3 ጎን፦ የዋጋና የዕድሜ ጉዳይ

የድሮ የፊልም ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ የካሜራው ዋጋ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ሊሆን እንደሚችል የሚገነዘበው ግን ፊልም መግዛትና ማሳጠብ ከጀመረ በኋላ ነው። እዚህ የምገመግማቸው ሁለት ሬንጅፋይንደር ካሜራዎች ናቸው። አንደኛው ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ከመካከለኛ ስልክ ዋጋ ባነሰ ገንዘብ የገዛሁት የሶቭየት ሥሪት ዞርኪ 4 ሲሆን፣ ሌላው በውጭ አገር የሚኖር ወዳጄ ያዋሰኝና ለረጅም ጊዜ የሠራሁበት የጀርመኑ ላይካ ኤም 3 ነው።

ሬንጅፋይንደር ምስሉን በሌንሱ በኩል አያሳይም። በካሜራው ግንባር ላይ ያሉት ሁለት መስኮቶች አንዱን ነገር ከሁለት ማዕዘን ይመለከታሉ፤ ዐይንን ወደ ማያው ሲያስጠጉ መሃል ላይ ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ ምስል ይታያል፤ የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩ ያ ምስል ወደ ጎን እየተንሸራተተ ሄዶ ከዋናው ጋር ሲገጥም ፎከሱ ተስተካከለ ማለት ነው። በውስጡ የሚነሳና የሚወድቅ መስታወት ስለሌለ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ በዝግተኛ ፍጥነት ሲያነሱም ካሜራው አይናጥም። ፍላሽ በማይፈቀድበት በደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ሆኖ የጣሪያውን መላእክት ያለ ማቆሚያ፣ በ1/30 ሰከንድ ለማንሳት የሚሞክር ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ወዲያው ይገባዋል።

ዞርኪ 4 ከ1956 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ሞስኮ አጠገብ በሚገኘው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ተሠርቷል። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ስለተመረተ በውጭ ገበያ እስከ ዛሬ ሌንሱን ጨምሮ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። የእኔው ጁፒተር 8 የተባለ፣ እስከ ኤፍ 2 የሚከፈት ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ አለው (የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፍቶ ይከፈታል፣ ብርሃንም ይበዛል)፤ ንድፉ ከጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ዞናር ሌንስ የተቀዳ ነው። ሌንሱ ከካሜራው ይበልጣል ብል አላጋነንኩም፦ ኤፍ 2 ላይ የፊት ቆዳን ለስለስ አድርጎ ያወጣል፤ ኤፍ 5.6 ላይ ደግሞ የፋሲል ግንብን ድንጋይና ኖራ ለይቶ ያሳያል። አካሉ ግን ሸካራ ነው። ፊልም ለማስገባት ጀርባው ከነታችኛው ክዳን በሙሉ ወልቆ ስለሚወጣ፣ በጥምቀት ግፊያ መሃል ፊልም ለመቀየር ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል።

ኤም 3 በ1954 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከ200,000 በላይ ተሠርቷል። ማያው ነገሩን በባዶ ዐይን ከሚታየው 0.91 ያህል አድርጎ ስለሚያሳይ ሁለቱንም ዐይን ከፍቶ መሥራት ይቻላል፤ በዞርኪው ውስጥ እየፈለግሁ የማገኘው ድርብ ምስል በኤም 3 ጥርት ብሎ ይጠብቀኛል። ያለ ሌንስ አካሉ ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ዋጋውን የያዘው በስሙ ብቻ አይደለም፦ በ1954 የተጀመረው የሌንስ መግጠሚያ ዛሬም በሚመረቱት የኤም ካሜራዎች ላይ ስላለ አዲሱ ሌንስ አሮጌው አካል ላይ ይገጥማል። ኩባንያው ኤም 6 የተባለውን የፊልም ካሜራ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲያወጣ አካሉን ብቻ 5,295 ዶላር ስለተመነው አሮጌዎቹም የሚረክሱበት ምክንያት የለም።

ነገሩን በብር ስናሰላው መልኩ ይለወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላይካ ለነበረው ሰው ይህ በብር ሲታይ ትርፍ ነው፤ ፊልም ለሚገዛ ሰው ግን ባለ 36 ፎቶ የሆነው አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም በውጭ አገር 10 ዶላር አካባቢ ስለሆነ፣ ዐሥር ፊልም የጨረሰ ሰው ሌላ ዞርኪ ገዝቷል ማለት ነው። ወጪውን የሚያቃልለው 30 ሜትር የሚሆነውን ጥቅል በጣሳ አስመጥቶ ወደ 18 የሚጠጋ ፊልም ራስ ቆርጦ መሙላትና ቤት ውስጥ ማጠብ ነው። እዚህ ላይ ጎንደር ታድላለች፦ የጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያ በተለምዶ 20 ዲግሪ ላይ ስለሚሠራ፣ የመተማ ሰው በረዶ ሲፈልግ እኛ በአብዛኛው የቧንቧውን ውሃ ትንሽ አስተካክለን እንጠቀማለን።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ገንዘቡን ለማስቀመጥ የሚፈልግና ጥገና ሲያስፈልግ ካሜራውን ወደ ውጭ መላክ የሚችል ሰው ኤም 3 ቢገዛ አይከስርም። ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ የጎንደር ልጅ ግን ዞርኪውን ገዝቶ የቀረውን ለፊልም ያውለው፤ በወረቀት ላይ በወጣው ፎቶ የሁለቱ ልዩነት የዋጋቸውን ያህል አይደለም። ሁለቱም ያለ ባትሪ ይሠራሉ። በአንጻሩ ያሺካ ኤሌክትሮ 35ን የሚያህል ጥሩ ካሜራ የታሰበለት የሜርኩሪ ባትሪ ዛሬ ስለማይመረት፣ ምትክ ካልተገኘለት ከአንድ ፍጥነት በቀር አይታዘዝም።

ሻጭ «ይኼ እኮ ላይካ ነው» ቢል አለመቸኮል ይሻላል። የቀደሙት ዞርኪና ፌድ የተባሉት የሶቭየት ካሜራዎች የጥንቱ ላይካ ቅጂ ስለሆኑ ስማቸው ተፍቆ፣ አንዳንዴም ወርቅ ተቀብተው በላይካ ስም ይሸጣሉ። ሌንሱን ፈትቶ ወደ ውስጥ መመልከት ይበቃል፦ በአፉ በላይኛው በኩል ያለችው፣ ሌንሱን እየዳሰሰች ርቀቱን የምትነግረው ክንድ ጫፍ ላይ ክብ ተሽከርካሪ ካለ ላይካ ነው፤ ሹል ጣት የመሰለ ብረት ከሆነ ግን የሶቭየት ሥራ ነው።

ዞርኪ 4 ሲገዙ ፊልም ማሳለፊያውን እስከ መጨረሻው ሳያዞሩ የፍጥነቱን ቁጥር መንካት አይገባም፤ ውስጡን ሊሰብረው ይችላል። ከጎሃ ኮረብታ ሆኖ የግንቡን ማማ ጠርዝ በማያው መመልከት፣ ቀለበቱም የሩቁ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ጠርዞች አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሌንሱ ውስጥ የክረምት እርጥበት ያበቀለው ሻጋታ መኖር አለመኖሩም ይታይ። ከሁሉም የሚከፋው ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው መጋረጃ መበሳት ነው፤ መጋረጃው ጨርቅ ስለሆነና ከፊቱ የሚከልለው መስታወት ስለሌለ፣ ክዳኑ ሳይገጠም ወደ በጋ ፀሐይ ዞሮ የተቀመጠ ካሜራ በራሱ ሌንስ ይቃጠላል። ጀርባውን አውልቆ ካሜራውን ከውስጥ በኩል ወደ ብርሃን ማየት ቀዳዳዋን ወዲያው ያሳያል። ሻጩ ጀርባውን ለማውለቅ ፈቃደኛ ካልሆነ ግዥው ይቅር።