ሰማያዊዋ ቦርድ፦ «3 አምፔር» ስትባል 2 ቁጠሩላት

ኤልኤም2596 የሚባለው አይሲ (ቺፕ) የተገጠመላት ሰማያዊ የቮልት ማውረጃ ቦርድ ለስልክ ቻርጀር፣ ለኤልኢዲ መብራትና ለራዲዮ ጥሩ ናት። በደወሌ መስመር የሚመላለስ ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ ሊያስነሳባት ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ የሚገዛት ግን ሒሳቡን ቀድሞ ይሥራ።

ከ24 ወደ 12 ቮልት በ3 አምፔር 36 ዋት ትሰጣለች። ብቃቷ 90 ከመቶ ገደማ ስለሆነ 4 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ 3ቱን የሚሸከመው አይሲው ነው። በዚህች ጠባብ ቦርድ ላይ እያንዳንዱ ዋት ቢያንስ 30 ዲግሪ ይጨምርበታል። የድሬን 36 ዲግሪ ስትደምሩበት 126 ይደርሳል፤ ወሰኑ ደግሞ 125 ነው። ያውም ከዳሽቦርድ ሥር ሳትታፈን።

ቅጂዋ ትብሳለች። ኦሪጅናሉ 150 ኪሎኸርዝ ላይ ሲሠራ 50 አካባቢ የሚሠሩ ቅጂዎች አሉ። ኮይሉ 33 ማይክሮሄንሪ ከሆነ የከረንቱ መዋዠቅ ከ1.2 ወደ 3.6 አምፔር ያድጋል፤ በ3 አምፔር ጭነት ጫፉ 4.8 ይሆንና ኮይሉ ይጠግባል፤ ማለትም ማግኔቱ ሞልቶ ከረንቱን መግታት ያቅተዋል። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ) ያለው ሻጭ ጋ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ፍሪኩዌንሲዋን አስለኩ።

5 አምፔር ለሚፈልግ ሰው በዳዮዱ ቦታ ሁለተኛ ሞስፌት (በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ትራንዚስተር) ያለበት ሌላ ማውረጃ በሶፍት ስዊቺንግ ማሠራት ያዋጣል። በተለመደው አሠራር የላይኛው ሞስፌት የሚበራው ሙሉው 24 ቮልት ላዩ ላይ እያለ ነው፤ በየማብሪያው የሚባክነው ያ ነው። እዚህ ግን ኮይሉ አነስ ይደረግና ከረንቱ ለአፍታ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሁለቱ ሞስፌቶች የሚገናኙበትን ነጥብ ራሱ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሞስፌቱም ዜሮ ቮልት ላይ ይበራል። በ200 ኪሎኸርዝ 2.5 ማይክሮሄንሪ ያዙ፦ መዋዠቁ 12 አምፔር፣ ጫፉ 11፣ ታቹ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል። የሞስፌቶቹ ካፓሲታንስ በድምሩ 1 ናኖፋራድ ቢሆን ነጥቡን ለማንሳት 24 ናኖሰከንድ ይበቃል፤ ዴድ ታይሙን፣ ማለትም ሁለቱም ሞስፌቶች ጠፍተው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ 50 አድርጉት። ከ200 ናኖሰከንድ ካለፈ ከረንቱ ዜሮን ተሻግሮ ይመለስና ነጥቡ እንደገና ይወርዳል፣ ልፋቱም ከንቱ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከረንቱ ዜሮ ሲደርስ የታችኛውን ሞስፌት የሚያጠፋ አይሲ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ነጥቡ ያኔ ከመውጫው ቮልት እጥፍ፣ ማለትም ከ24 ቮልት አያልፍም፤ ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላ ግን መስመሩ 28 ይደርሳል፣ የቀረው 4 ቮልት በየማብሪያው ይቃጠላል።

ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ የተነቀለውን ቢጫ ቀለበት ኮይል አትጠቅልሉበት፤ 12 አምፔር መዋዠቅ ኮሩን (ሽቦው የሚጠቀለልበትን እምብርት) እሳት ያደርገዋል። ክፍተት ያለው ፌራይትና ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ይፈልጋል። መውጫው ላይም ሴራሚክ ካፓሲተር ደርድሩ፤ 3.5 አምፔር የሚሆነውን የመዋዠቁን ከረንት አንድ ተራ ኤሌክትሮላይቲክ አይችለውም።

ጭነቱ ግማሽ አምፔር ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉት። ፍሪኩዌንሲው ካልተቀየረ 12 አምፔሩ ጭነት ኖረም አልኖረም ይመላለሳል፤ እዚያ ላይ ሰማያዊዋ ትበልጣለች።